አቶ መርቪን ትሬጌር እና የዳሉንጋ ምርጫ ክልል

ጎረቤታችን ወይዘሮ ዱልሲ ከእናታቸው ሰማሁ ብለው እንደሚያወሩት፣ የአቶ መርቪን እናት ምጥ የያዛቸው በምርጫ ቀን፣ ዳሉንጋ አዳራሽ ሰልፍ ላይ ቆመው ነው። «ድምፄን ሳልሰጥ ንቅንቅ አልልም» አሉ፤ ሰጡ፤ ከአዳራሹ ጓዳ ገብተው ተገላገሉ። ውሸት ነው የሚሉም አሉ። አቶ መርቪን ግን አንድም ቀን አላስተባበሉም።

ብቻ አቶ መርቪን ትሬጌር ከአባታቸው ከአቶ ሲላስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢዲት፣ በአውስትራሊያ፣ በቪክቶሪያ ስንዴ አገር፣ ዳሉንጋ ላይ በ1935 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። እዚያው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ስንዴ ዘሩ፣ በግ ሸለቱ። በ1959 ወይዘሮ ኖሪንን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ።

ዳሉንጋ ያኔ ራሱን የቻለ ምርጫ ክልል ነበር፤ የራሱን ሰው ለክፍለ አገሩ ምክር ቤት ይልካል። ምርጫ በመጣ ቁጥር ሴቶቹ በር ላይ ኬክ ይሸጣሉ፤ የድምፅ ሳጥኑን የሚያሽጉት አቶ መርቪንና ወዳጃቸው ወይዘሮ ቬራ ኩዊል ናቸው።

ድርቅ መጣ። ወጣቱ ከተማ ገባ፣ መራጩ ሳሳ። በ1990 የምርጫ ክልል ወሰን የሚያካልሉ ኮሚሽነሮች «ክልላችሁን ከሩቁ የወደብ ከተማ ጋር ልንደባልቀው ነው፤ የሚቃወም አዳራሽ መጥቶ ይናገር» አሉ። አቶ መርቪን ቤት ለቤት ዞረው ለመኑ። ሁሉም «እንዴታ መርቭ! እንመጣለን እንጂ!» አለ። ቀኑ ግን አጨዳ ላይ ዋለ። ሁሉም ቤት ሌላው ይሄዳል ብሎ፣ ባዶ እጅ ነውር ነውና ኬክ ላከ። ጠረጴዛው ሞላ፤ ወንበሩ ላይ እሳቸውና ቬራ ብቻ።

«ሕዝቡስ?» አሉ አንዱ ኮሚሽነር።

«ያው» አሉ አቶ መርቪን፣ ኬኩን እያሳዩ።

ኮሚሽነሮቹ በሉ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ። በዓመቱ ዳሉንጋ ከካርታ ተሰረዘ፤ አዳራሹም ተዘጋ። አቶ መርቪን ማንንም አልወቀሱም። ከዚያ ወዲያ ግን ኬክ በአፋቸው አልዞረም።

በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጁላይ 9 ቀን 2014 አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው አሉ። እግዜር ሰልፍ በሌለበት ደጅ ያስገባቸው።

ትናንት ለቅሶ ሲደረስ ሁሉም ኬክ ይዞ ገባ። ወይዘሮ ዱልሲ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «አይ መርቭ! እንዲህ እንደምንወደው ምነው በቁሙ ባየ!» አሉ።

ቬራ ከጥግ፣ «አይቷል እኮ፣ ዱልሲ። ጠረጴዛ ሙሉ ኬክ አይቷል» አሉ።

ሹካ ያነሳ ሁሉ መልሶ አስቀመጠ።