ፈረስ እበላለሁ ያለው እንግዳ

አሰብ፣ ጥር 1986

ሚኩዬ፣ ሙቀቱን ልተወውና የእሁዱን ምሳ ላጫውትሽ። ወደብ ላይ የሚሠሩት አጎቴ ጋሽ በቀለ በእንግሊዝኛቸው ሰፈሩን አሰልችተው ሲያበቁ አንድ እንግሊዛዊ የመርከብ መሐንዲስ ምሳ ጋበዙ። ሰውዬው ገና ሳይቀመጥ፣ "ዛሬስ ፈረስ እበላለሁ" አለ። ጋሼም ቃል በቃል ለሚስታቸው ተረጎሙላቸው።

እትዬ እቴናት ወጡን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። "ፈረስ የለመደ አፍ የማርያም ማኅበር የማበላበትን ሳህን አይነካም።"

"እቴናት፣ ወደብ ሙሉ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?"

ናዝሬት ቢሆን የጋሪ ፈረሶቻችን ራሳቸው በፈረጠጡ፤ እዚህ ያለው ግመል ነው። ምሳው ሊቀር ሲል ገባሁበት። "እትዬ፣ በጣም ርቦኛል ማለቱ ነው። ትልቅ እንስሳ የጠራው ረሃቡ ትልቅ ስለሆነ ነው። እኛስ አንጀቴ ታጠፈ ስንል ማን ሐኪም ይጠራል?"

እትዬ አፍረው ሊክሱት ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። "አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ እኔም እንደ ጋሼ ቃል በቃል ተረጎምኩለት፦ "አፈር እየሆንኩ ነውና ይቺን ብላልኝ።"

ምስኪን፣ በሐዘን እያያቸው ሳያኝክ ዋጠ። ሲወጣም እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ ምሕረት እንዲወርድላቸው ተመኘ። ጋሼ ይህችን አልተረጎሟትም።

የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ደረስኩ። እናትሽን ሁለቱንም ጉንጭ ሳሚልኝ። ለወንድምሽ ለብሩክ ሰላምታ የለኝም፣ ምክንያቱን ያውቃል።

ያንቺዋ ጸደይ