በዓልን ባሕር ላይ

ሚያዝያ 27 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ እናት፤ ሌላውን መጠሪያሽን ለመጻፍ ብዕሬ ገና አልደፈረም።

እንደምን ከረምሽ? የሆስፒታሉ ሥራ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። ልጃችን፣ ፌንጣችን፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿን ነቅላለች። ስትስቅ እኔን ትመስላለች ይላሉ፤ ስትቆጣ ግን ቁርጥ አንቺን ናት።

ዘንድሮ በዓልን ባሕር ላይ ዋልን ብልሽ ታምኛለሽ? አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እዚህ የመጣ ነገር ነው። ሰዉ በማለዳ ይጸልይና ፎጣና ጃንጥላውን ይዞ ወደ ባሕር ይነጉዳል። የአምላክ ቀን በቁምጣ ይከበራል ወይ እያልኩ ሳማቸው ነበር የከረምኩት። አለቃዬ የበዓሉን ጉዞ አንተ ንዳ ሲለኝ ግን ምን ልበል? ፌንጣን ከኋላዬ ካለው ወንበር አስቀምጬ አውቶቡሱን አስነሣሁ።

ከእሷ አጠገብ አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ተቀምጠው ነበር፤ የሟች ባላቸውን ባርኔጣ ጉልበታቸው ላይ ይዘው። በዓልን ቤትዎ አይውሉም ወይ አልኳቸው።

«ቤቱማ በአዘቦት ቀን ይቻላል ልጄ» አሉኝ። «በበዓል ነው የጎደለው ሰው የሚታየው።»

ባለፈው በዓል ሳላስበው ሦስት ሳህን አቅርቤ፣ ፌንጣ አንዱን አንስታ ወደ ቦታው መልሳው ነበር። አልጻፍኩልሽም እንጂ።

ስንደርስ ባሕሩና ሰማዩ የት ላይ እንደሚለያዩ አይታወቅም። ሴቶቹ የበዓል ልብሳቸውን እንደለበሱ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ቆመዋል። ልብስ ሰፊዋ ባርኔጣውን ደፍተው ውሃው ውስጥ ይጸልያሉ። ድምፁ ሁሉ ከሩቅ፣ እንቅልፍ ውስጥ እንደሚሰማ ሆኖ ነበር የሚመጣው። ውሃ የምፈራው ሰውዬሽ ከነሱሪዬ እስከ ደረቴ ገባሁ። ፌንጣ በሁለት መዳፎቼ ላይ በጀርባዋ ተኛች።

«አባዬ፣ እጅህን አንሳ።»

ትሰምጫለሽ አልኳት።

«የምትፈራው አንተ ነህ» አለችኝ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

አንድ አንድ ጣቴን እየሰበሰብኩ ለቀቅኳት። አልሰመጠችም። ጸጉሯ ተበትኖ፣ ሰማዩ ፊቷ ላይ እያበራ፣ ውሃው እሽሩሩ ይላት ጀመር። እኔ ባዶ እጄን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። ስትሄጂ «ልጅቷ ግን ከዚህ ንቅንቅ አትልም» ያልኩሽ ያን ጊዜ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ።

ፎጣ ሳለብሳት ፊቷን ወደ ባሕሩ እንዳዞረች ጠየቀችኝ፦ «እማዬ ጋ ብሄድ ትቀየመኛለህ?»

አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው ኖራለች። አልቀየምሽም አልኳት። አንቺንም አልተቀየምኩሽም፤ ከተቀየምኩም አልፏል።

ስንመለስ ተሳፋሪው በሙሉ ጨው ፊቱ ላይ እንደደረቀ ተኝቶ ነበር። በዝግታ ነዳሁ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅቷን ላክልኝ ያልሽውን ተቀብያለሁ። መላክ ግን አልላካትም፤ ራሴ አደርሳታለሁ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ቲኬት ቆረጥኩ። ቲኬት ሻጯ የእርስዎ መመለሻ መቼ ይሁን ብትለኝ፣ እሱ ይቆይ አልኳት።

ፈጣሪ ደጅሽን ይጠብቅልሽ፤ የምትነኪው በሽተኛ ሁሉ ይዳንልሽ።

የፌንጣ አባት፣
ሹፌሩ