የተማሪዎችን ምሳ በአዋጅ ያስጻፉት ወ/ሮ ደጊቱ አወቀ አረፉ

ማዕድ ለተማሪ ማኅበር፣ እንጅባራ

የማኅበራችን መሥራች አባል መምህርት ደጊቱ አወቀ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የምናሳውቀው በጥልቅ ሀዘን ነው። ያረፉት ዓርብ ይሁን ቅዳሜ በእርግጠኝነት መግለጽ አልቻልንም። ብቻቸውን ይኖሩ ስለነበር የቤታቸው በር የተንኳኳው ሰኞ ከሥራ ሲቀሩ ነው።

ወ/ሮ ደጊቱ ዳንግላ ተወልደው ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በመምህርነት አገልግለዋል። ባልም ልጅም አልነበራቸውም።

በ2010 ዓ.ም. በጥርባ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የምሳ ምገባ አስጀመሩ። ምግቡ ለሁሉም ስለማይበቃ የችግረኛ ተማሪዎችን ዝርዝር አዘጋጅተው ጠዋት በሰልፍ ላይ ስማቸውን አስጠሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተጠሩት አርባ አንድ ልጆች ሃያ ሰባቱ ትምህርት አቋረጡ። በቃለ ጉባኤ ያስመዘገቡት ቃል እንዲህ ይላል፦ «ረሃቡ አላስቀራቸውም ነበር። ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።» ከዚያም በየቤታቸው በእግር ዞረው በአገውኛ ይቅርታ ጠየቁ። ሃያ ሁለቱ ሲመለሱ አምስቱ ቀሩ።

በ2014 ዓ.ም. የክልሉ የትምህርት ቤት ምገባ ረቂቅ አዋጅ እንጅባራ ላይ ለውይይት ሲቀርብ፣ ነጻና የተመጣጠነ ምሳ የሚፈቅደው «ችግረኛነታቸው ለተረጋገጠ ተማሪዎች» ነበር። «ለማንኛውም ተማሪ» ተብሎ ይስተካከል ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ማኅበራችን በስብሰባው ተገኝቶ ዝም ብሏል። በጀት አይበቃም ተብሎ አዋጁ ራሱ እንዳይቀር ፈርተን ነበር።

ወ/ሮ ደጊቱ አራት ጊዜ ባሕር ዳር ተመላልሰው አስረዱ፤ አንድም ጊዜ አብሯቸው የሄደ የለም። በ2017 ዓ.ም. አዋጁ እሳቸው ባሉት ቃል ጸደቀ።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይባላል። በእሳቸው ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ማንም ልጅ ከማዕድ ተለይቶ እንዳይቀር የደከሙ ሰው ብቻቸውን ሞቱ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ማናችንም ምሳ አብረን እንብላ ብለን ጠርተናቸው አናውቅም፤ በዚህም እናፍራለን።

ጫግኒ ለሚኖሩት ለእህታቸው ልጅ ለወ/ሮ ሽታዬ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው መጽናናትን እንመኛለን።

ሥርዓተ ቀብራቸው ዳንግላ ተፈጽሟል። እንጅባራ ውስጥ እዝን የሚወሰድበት ቤት ስለሌላቸው፣ እሑድ በስድስት ሰዓት ጥርባ በሚገኘው ትምህርት ቤት በተማሪዎች መመገቢያ ውስጥ እዝኑ ይቀርባል። ልጆችም አዋቂዎችም እንድትገኙ እንጠይቃለን። በ2010 ዓ.ም. ሳትመለሱ የቀራችሁ አምስታችሁም፣ ይህን ከሰማችሁ ኑ። እንደ ዕድር ቀሪ አይያዝም፤ የማንም ስም አይጠራም።