ከዓሣው ሥር የነበረው ሥጋ

መካኒሳ አቦ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? አንተ፣ ሚስትህ፣ ልጆችህ ደህና ናችሁ ወይ? የእናታችንስ ሳል ለቀቃት? እኛ ጌታ ይመስገን በሕይወት አለን። ዝናቡ ገና ሳይጠና የሰፈራችን መንገድ ጭቃ ሆኖ፣ ልጆቹ ጫማ አጥበው አይጨርሱም። ሰውነቴ ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽህም።

ይህን ደብዳቤ ይዛልህ የምትመጣው የአክስታችን ልጅ ዮዳሄ ናት። ያልደወልኩልህ በስልክ ስታወራ ስለማውቅህ ነው። «እህቴ ትሙት» ብለህ ትምላለህ፣ ትስቃለህ፣ ከዚያ እኔም እስቃለሁ። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም። ለገና የላክህልኝን ስልክም አጥፍቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ለቡ መብራት ኃይል አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ሆኜ እንደምሠራ ታውቃለህ። ባለቤቱ ግዛው ይባላል። ረቡዕና ዓርብ ከእናንተ አገር ዓሣ የሚያመጣልን ሾፌር ደግሞ ደምሰው ይባላል። ዓሣው በረዶ በሞላው ትልቅ ሣጥን ነው የሚመጣው። ከኅዳር ወዲህ ከዓሣው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ሥጋ መምጣት ጀመረ። ግዛው «የገጠር ፍየል ነው፣ ለደንበኞቼ ብቻ» አለኝ፤ አመንኩት። ደንበኞቹ በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ተቀምጠው ይበሉታል። አንዱ ለወገብ ፍቱን ነው ይላል፣ ሌላው ደም ያጠራል ይላል። እኔ ሽንኩርት አቁላልቼ፣ ቃሪያ ጨምሬ፣ አጣፍጬ አወጣሁላቸው። ሲተርፍም ቤቴ ይዤ ገባሁ። ከልጆቼ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ጌታን አመስግነን በላነው።

ዛሬ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው፣ ረቡዕ ዕለት ጥቅሉን ስፈታ ቆዳ ተጣብቆበት አገኘሁ። አመድማ ቆዳ፣ ላዩ ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመር የወረደበት። አንተም እኔም ይህን ቆዳ እናውቀዋለን። አባታችን ከፓርኩ በላይ ካለው ጉብታ አስቀምጦን፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያሳየን አጋዘን ነው። ሥጋውን ሳገላብጥ ግቷ አብሮ ተቆርጦ መጥቷል። ቢላዋዬ ሲነካው ወተት ወረደ። የአጋዘን ግልገል ያለ እናቱ ስንት ቀን እንደሚቆይ አንተ የፓርክ ጠባቂው ከእኔ የተሻለ ታውቃለህ።

ግዛውን ጠርቼ አሳየሁት። አልደነገጠም። «ሥጋ ሥጋ ነው፤ አንቺ ጥብስሽን ጥበሺ» አለኝ። አልጠብስም አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ሥራውን ለሌላዋ ሰጣት።

የባሰው ከደምሰው አፍ የሰማሁት ነው። ሣጥኑን አጥቦ ሻይ ሲጠጣ፣ መንገድ ላይ እንዴት አይይዙህም ብዬ ጠየቅሁት። ወሬ ይወዳል። «ኬላው ላይ የራሳችን ሰው አለ» አለኝ። «እሱ ተረኛ በሆነ ቀን ነው የምናልፈው። ማን ይጠረጥረዋል? አባቱ እኮ እዚያው ፓርክ ውስጥ አዳኞች የገደሉት ጠባቂ ነው።» ቀጥሎም፣ «እህቴ መካኒሳ ናት፣ አንድ ቀን አስተዋውቅሃለሁ ይለኛል» አለኝ።

ሻይ ልድገምህ አልኩት። 

ወንድሜ፣ አባታችንን ለምን ገደሉት? አንድ ወጥመድ ስለፈታባቸው አይደለም ወይ? ሬሳው በቃሬዛ ሲመጣ ከፊት የተሸከምከው አንተ ነበርክ። በእሱ ምትክ ስትቀጠር፣ ካኪውን ለብሰህ ጉባኤው ፊት ቆመህ ሲጸለይልህ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ በደስታ አልቅሻለሁ። ያንን ካኪ ለብሰህ ነው ኬላውን የምትከፍትላቸው? ድህነት እንዳትለኝ። ድህነትን እኔም አውቀዋለሁ፣ አባታችንም ያውቀው ነበር። ልጆቹ ተርበውበት የሚያድን ሰው ቢሆን አዝንለት ነበር። ይሄ ግን ጠግበው ለሚያገሱ፣ ወገባቸውን በአጋዘን ለሚያስታምሙ ሰዎች ነው። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ደግሞ የአባታችንን ሞት መሸሸጊያ ማድረግህ ነው። ሞቱን እንደ መታወቂያ ደረትህ ላይ አንጠልጥለህ ገዳዮቹን ታሳልፋለህ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ለጎረቤቴ ለእትዬ ተሾመች አልቅሼ ነገርኳት። «ወንድም ነው ልጄ፣ ሸፍኚው» አለችኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሸፈንኩህ። ደመወዜን ብዬ፣ አንተን ብዬ፣ እናቴን ብዬ ዝም አልኩ። ባለፈው ረቡዕ ሣጥኑ ሲከፈት ሦስት ጥቅል ነበረው። አንዱ ትንሽ ነበር፤ ፈታሁት። ግልገል ነው። የዚያችው ልጅ ይሁን የሌላ አላውቅም። ዝም ባልኩበት ሳምንት የተገደለ መሆኑን ግን አውቃለሁ።

በማግስቱ ሄጄ ለሕግ ነገርኩ። ዓርብ ጠዋት ዓሣው ሲወርድ ደርሰው ሣጥኑን ገለበጡት። ግዛውም ደምሰውም ታስረዋል። ደምሰው ስልክ አላነሳ ብሎህ ሳትጨነቅ አልቀረህም። ምግብ ቤቱ ታሽጓል፣ እኔም ሥራ የለኝም፤ እሱ ግድ የለም። ቅዳሜ ቃሌን ስሰጥ ዋልኩ። የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ። ያልጠየቁኝንም ተናገርኩ።

አሁን የምልህን ስማኝ። እናታችንን ረቡዕ ከዮዳሄ ጋር አሳፍረህ ላክልኝ። ሳሏን እዚህ አሳክማታለሁ። ሐሙስ አንተን ሊይዙ ሲመጡ እዚያ እንድትሆን አልፈልግም። ለሚስትህ ነገሩን ራስህ ንገራት፣ ከሰው አትስማው። አንተ ግን ከቤትህ አትራቅ። ጫካውን ከማንም በላይ እንደምታውቀው አውቃለሁ፤ እንዳትገባበት። አባታችን ከማንም ሸሽቶ አያውቅም። ወፍራም ሹራብ ልኬልሃለሁ፣ ልበሰው። ልጆችህ ምን ይሆናሉ ብለህ አታስብ፤ እኔ ካለሁ ከልጆቼ ጋር ከአንድ ሳህን ይበላሉ።

ቃሌን የጻፈው ሰው እጁ ፈጣን ነው። የእኔን ሙሉ ስም ሲጽፍ አልተሳሳተም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን፣ ከአንተ ስም ቀጥሎ፣ የአባታችንን ስም አንድ ፊደል ስቶ ጻፈው። እንዲሰርዘው ነገርኩት። ፊደል በፊደል እየጠራሁለት አስተካከለው።

ጌታ ልብህን ይመልስልህ። ጉልበትህን ይጠብቅልህ። ልጆችህ በስምህ አንገታቸውን የማይደፉበትን ቀን ያሳይህ። ብትጠላኝም በየጠዋቱ በጸሎቴ እጠራሃለሁ። የትም ቢወስዱህ ስንቅ ይዤ በሩ ድረስ እመጣለሁ።

ከአንድ ማሕፀን የወጣን፣
ታናሽ እህትህ