የጀሪፍን የጨረራ ማከማቻ ያሠሩትና የጠበቁት ወይዘሮ ሬሕማ ጂብሪል አረፉ

የዴም ኢትዮጵያውያን የትምህርትና መረዳጃ ማኅበር የቦርድ ጸሐፊ፣ በካርቱም ጀሪፍ ሰፈር በሚገኘው የፊዚክስ ምርምር ማዕከልም የዕቅድና በጀት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ሬሕማ ጂብሪል፣ በደንጊ ትኩሳት ለአራት ቀን ታመው ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ማኅበራችን ይህን ለአባላቱና ለወዳጆቹ ሲያሳውቅ ሐዘኑ ከባድ ነው። ቀብራቸው በዚያው ዕለት የከሰዓቱ የአስር ሶላት እንዳበቃ በካርቱም ካላክላ ሰፈር ተፈጽሟል።

ወይዘሮ ሬሕማ ከወሎ ከመጡ ወላጆች ካርቱም ዴም ሰፈር ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ ሉጥፊያ በሰው ቤት ሠርተው ነው ያስተማሯቸው። ፊዚክስ አጥንተው በ1996 ዓ.ም. በማዕከሉ ተቀጠሩ፤ ከዓመታት በኋላም ወደ በጀት ሥራ ተዛወሩ።

መስከረም 2014። የሱዳን መንግሥት ለማዕከሉ የሚመድበው የካፒታል በጀት በግማሽ ተቀነሰ። የማዕከሉ የበጀት ኮሚቴ ጨረራ አመንጪ ቁሶች የሚቀመጡበትን ክፍል ግንባታ ሰርዞ በምትኩ አዲስ መሣሪያ ለመግዛት ወሰነ። ወይዘሮ ሬሕማ ሰነዱን አልፈርምም አሉ። ሰብሳቢው፣ «ምንም ውጤት ለማይታይበት ክፍል ይህን ሁሉ ገንዘብ ምን አመጣው?» ሲሉ እንደጠየቁ ቃለ ጉባኤው ይገልጻል። የእሳቸው መልስም ተመዝግቧል፦ «ክፍሉ የሚሠራው ምንም አደጋ እንዳይታይ ነው። ከሰረዛችሁት የኔንም ስም ከሰነዱ አውጡት።» ከሥራ እንደሚታገዱ በደብዳቤ ተነገራቸው። ደብዳቤው በደረሳቸው በአሥራ አንደኛው ቀን ለራሳቸው የዕቅድና በጀት ክፍል የተያዘውን የተሽከርካሪና የኮምፒዩተር ግዢ ሰርዘው ለግንባታው አዛወሩት፤ ኮሚቴውም ተቀበለ። ክፍሉ ጥር 2015 ተጠናቀቀ።

ሚያዝያ 2015። የሱዳን ጦርነት በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ማዕከሉ ካሉት አሥራ አንድ ጨረራ አመንጪ ቁሶች አንዱ ገና በተማሪዎች ቤተ ሙከራ ነበር። ቁሱን ወደ ማከማቻው ለማስገባት ከወይዘሮ ሬሕማ ጋር የሄዱት ቴክኒሻን አቶ ንጋቱ ያረጋል ለማኅበራችን እንዲህ ብለዋል፦ «ልጆች አሉዎት፣ ይቅር አልኳቸው። ‹የሚዘርፍ ሰው ተራ ብረት መስሎት ቤቱ ይወስደዋል። ያላ፣ ቶሎ እንሂድ› አሉኝ።» ተኩስ እየተሰማ ቁሱን ጨረራ ከሚያግደው የእርሳስ መያዣው ጋር በእጅ ጋሪ ገፍተው ክፍሉ ውስጥ ቆለፉበት። በሳምንቱ ማዕከሉ ተዘረፈ፤ ከግድግዳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንኳ አልቀረም።

ልጆቻቸው ሐምዲያና ሁዘይፋ ወደ ምሥራቅ ሱዳኗ ገዳሪፍ ሲሸሹ እሳቸው ከእናታቸው ጋር ካላክላ ቀሩ። የማከማቻውን ቁልፍና የቁሶቹን መዝገብ የሚረከብ ባለሥልጣን ከተማው ውስጥ አልነበረም። በየኬላው ሲፈተሹ ቁልፉን የቤቴ ነው እያሉ ያልፉ ነበር። ማኅበራችን ከካርቱም እንዲወጡ ሁለት ጊዜ መክሯቸዋል። አልሰሙንም። ያን ጊዜ ግትርነት መስሎን እንደነበር አንደብቅም።

ግንቦት 2017። የመንግሥት የጨረራ ባለሙያዎች ወደ ማዕከሉ ሲገቡ በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ሬሕማ ነበሩ። በሩ ላይ የመጥረቢያና የጥይት ምልክት አለ። ባለሙያዎቹ ቁሶቹን አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አመሳከሩ፤ አሥራ አንዱም በቦታቸው ተገኙ። ወይዘሮ ሬሕማ ቁልፉን በፊርማ አስረክበው ደጁ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ የማዕከሉን የመልሶ ግንባታ በጀት ሲያዘጋጁ ቆይተው ከመታመማቸው ስድስት ቀን በፊት አስገብተዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ በከባድ መሣሪያ የተሰነጠቀው የማከማቻው ጣሪያ እንዲጠገን ነው። እስከ ዛሬ አልጸደቀም። ማኅበራችን የሚመለከታቸው ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ እንዲወስኑ ይጠይቃል።

ለእናታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው አላህ ሶብሩን ይስጥልን፤ እሳቸውንም በእዝነቱ ይቀበልልን። በማዕከሉ አጥር ዙሪያ የሚኖሩት የጀሪፍ ቤተሰቦች ስማቸውን ሰምተው አያውቁም። ሐዘኑ ግን የእነሱም ነው።

የዴም ኢትዮጵያውያን የትምህርትና መረዳጃ ማኅበር
ካርቱም