አምስተኛው «የጤዛ ጎራዴ» እና የሺዎሪ አማት

ለውድ እትዬ ሂሳኖ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የጉልበትሽ ነገር እንዴት ሆነ? ጋሽ ኔልሰንስ ደህና ናቸው? ማርሴሎስ፣ ትንሿ ላይስስ? የእናንተ የብራዚል ብርድና የእኛ ሙቀት ስለሚገለባበጥብኝ ስለ አየሩ ምን ብዬ እንደምጠይቅሽ ግራ ይገባኛል፤ ብቻ ያለሽበት ይመችሽ። እዚህ የዝናቡ ወር አልፎ ወንዙ ጠርቷል፣ ዓሣ አጥማጆቹም ወርደዋል። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ባለቤቴ ዮሺሮ ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ አኩሪ አተሩን ሲፈጭ ነበር፤ ከአተሩ ወተት የሚያረጋው ቶፉም አባታችን ይሠራው እንደነበረው ነው።

ትልቁ ወሬ ልጃችን ሺዎሪ መታጨቷ ነው። ልጁ ቴፔይ ይባላል፣ የኩሩሜ ልጅ ነው፣ ለቤተሰቡ ሁለተኛ ወንድ። እኛ ዘንድ ሥራውን እየተማረ ነው። ዝም ያለ ነው፤ ግን ቶፉ ሲቆርጥ እጁ አይንቀጠቀጥም። ደስ የሚለው ደግሞ ወደ እኛ ቤት ልግባ ማለቱ ነው። ልክ እንደ አባታችን የራሱን የቤተሰብ ስም ትቶ በእኛ ስም ኦዳጊሪ ሊባል፣ ቤቱንና ሥራውን ሊረከብ። እናቱም ወንድሙም እሺ ብለዋል። አባቱ አቶ ኩዋባራ ግን «እስቲ ይታሰብበት» አሉ። ይህ በእኛ ዘንድ ለእምቢታ የቀረበ መሆኑን አንቺ አትረሺውም። ቴፔይ አባቱን አስቀይሞ የሚገባ ልጅ አይደለም። እሳቸው እምቢ ካሉ ሺዎሪ ወደ ኩሩሜ ትሄዳለች፣ የቶፉ ቤቱም ከእኔና ከዮሺሮ ጋር ያበቃል።

እንግዲህ ሁለቱ ቤተሰቦች ወንዝ ዳር ካለው ምግብ ቤት ተገናኘን። በእንዲህ ያለ ቀን ማንም ማንንም እንደማይቃወም ታውቂያለሽ፤ አየሩ ይመሰገናል፣ ሳህኑ ይመሰገናል፣ ሁሉም ጎንበስ ቀና ይላል። ሺዎሪ አስቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር። ትርፍ ጊዜዬን በምን እንደማሳልፍ ከጠየቁኝ አበባ አስተካክላለሁ እንድል፣ ስለ ቪዲዮ ጌም ትንፍሽ እንዳልል። እኔም እሺ ብዬ ነበር። የቴፔይ እናት በለሰለሰ አንደበት ስትጠይቀኝ ግን አፌ ቀደመኝና ጌም እጫወታለሁ አልኩ። አቶ ኩዋባራ እስከዚያ ድረስ ሾርባቸውን ነበር የሚያዩት። ያኔ ቀና አሉ።

«የትኛውን ጌም?» አሉኝ።

«የጤዛ ጎራዴን» አልኩ። ያንን አንቺና እኔ አንዱን መቆጣጠሪያ እየተነጣጠቅን የጀመርነውን። እሳቸውም ከመጀመሪያው አንስተው እስከ ሰባተኛው ተጫውተውታል። ፊታቸው ሲበራ አይቼ ነገሩ ተቃና ብዬ ነበር።

«አምስተኛውን ግን መቼም ከቁጥር አያስገቡትም» አሉ እየሳቁ።

ዝም ማለት እችል ነበር። አንቺም አምስተኛው የወጣ ጊዜ ከብራዚል ደውለሽ የቀዘፋ ትምህርት ነው ብለሽ ስቀሽብኛል። አገር ምድሩ እንደጠላው ነው፤ ያገለገለ ጌም የሚሸጡ ሱቆች በራፉ ላይ ቆልለውት ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በፊተኞቹ አራት ላይ የጎራዴ ቤት ልጅ የአባቱን ጎራዴ ታጥቆ ዘንዶ ይገድላል። በአምስተኛው ልጁ ጎራዴውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይወጣል፣ የጀልበኛ ልጅ ያገባል፣ በሚስቱ ቤት ገብቶ ሰው ያሻግራል። ሙዚቃው እንቅልፍ ያመጣል፣ አልክድም። ካርታውም አንድ ወንዝና ሁለት ዳር ነው። ግን እትዬ፣ መጀመሪያ ላይ የምታሻግሪያት ሙሽራ ከዓመታት በኋላ ልጇን አዝላ ስትመለስ ታገኛታለሽ። አብሯት ያለው ሰው ሸብቷል። ወንበዴው እንኳ ስም አለው፤ ገድለሽው ብትሄጂ እናቱ ጀልባ ላይ ትሳፈራለች። በሌሎቹ ስድስት የገደልኳቸውን ማን ያስታውሳቸዋል?

ይህን ሁሉ እዚያው አልኩት። ዮሺሮ በጠረጴዛው ስር ጭኔን ይቆነጥጠኛል። አቶ ኩዋባራም አልተመለሱም፤ ምግቡ ቀዘቀዘ፣ እሳቸው ውጊያው የሕፃን ነው ይላሉ፣ እኔ ቁጥሩ ቢያንስም ክብደት አለው እላለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ሳህኑ ላይ አቀርቅሯል።

በመጨረሻ «የጎራዴ ቤት ልጅ ስሙን ጥሎ የሰው ጀልባ ይቀዝፋል?» አሉ።

«የሰው ጀልባ አይደለም» አልኩ። «የገባበት ቤት ጀልባ የራሱ ጀልባ ነው።»

ሺዎሪን ሳያት ፊቷ እንደ ቶፉ ማጥለያ ጨርቅ ነጥቷል፣ ቴፔይ ሩዙን ነው የሚያየው። ስለ ጌም ማውራት ካቆምን መቆየታችን ያኔ ነው የገባኝ። ግን ከአፍ የወጣ አይመለስምና እስከ የት ድረስ እንደተጫወቱ ጠየቅኳቸው።

«እስከ ሠርጉ» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው ምኑንም አላዩት። ወደ ማብቂያው የልጁ አባት ጀልባው ላይ ይሳፈራል። ለእያንዳንዱ ቀዘፋ ቁልፉን መጫን ያስፈልጋል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ሰው ሁሉ የሚያማርረው እዚያ ጋ ነው። አባትየው ግን በየቀዘፋው ለልጁ አንድ አንድ ቃል ይናገራል። ፈጥነው ቢያሻግሩት መቼ ሊናገረው ነው?»

እሳቸው ሻይ ጠጡ፣ ስለ ዓሣው ጣዕም አመስግነው ተነሱ። በመኪና ስንመለስ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሺዎሪ «እማዬ፣ አበባ አስተካክላለሁ ማለት ምን ይከብድሽ ነበር?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ከአቶ ኩዋባራ ወሬ ጠፋ። ቴፔይ ሥራውን ይሠራል፣ ሺዎሪ አታናግረኝም፣ ዮሺሮም ጥፋት አጠፋሽ አላለኝም፤ ሬድዮውን ብቻ ከፍ አደረገ። አንድ ቀን ቴፔይ አባቱ አሮጌውን የጌም ማጫወቻ የት እንዳስቀመጠው ደውለው እንደጠየቁት ነገረኝ። ትናንት ጠዋት ቶፉ እየጠበስኩ ስልኩ ጮኸ፤ እሳቸው ናቸው። ሰላምታው ረዘመ። ከዚያ አምስተኛው አሁንም ከሰባቱ መጨረሻ እንደሆነ፣ ሙዚቃው እንዳስተኛቸው፣ የሠራው ሰው ሊያፍር እንደሚገባው አንድ በአንድ ነገሩኝ። እኔም እሳቱን አጥፍቼ ሰማኋቸው።

«ግን ቀዘፍኩ» አሉ። «አውራ ጣቴ አብጧል።»

እግዜር ይማርዎት አልኩ።

«ሠርጉ ከብርዱ በፊት ይሁን። ብርዱ ከገባ የቶፉ ገበያ ይደራል፣ ልጄ ሥራ ይበዛበታል።»

ያ የማይንቀጠቀጠው የቴፔይ እጅ ዜናውን ስነግረው የያዘውን ቶፉ ሁለት ቦታ ሰበረው። ሺዎሪም አናግራኛለች፤ የሠርጉ ቀን ግን ስለ ጌም እንዳላነሳ ደግማ አስምላኛለች።

እንግዲህ እትዬ፣ ጉልበትሽ ከፈቀደ ለሠርጉ ነይ። ካልሆነም አምስተኛውን ፈልገሽ ከሠርጉ ወዲያ ያለውን ተጫወቺ፣ ከዚያ ደውለሽ ሳቂብኝ። ጋሽ ኔልሰንን ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ማርሴሎን በርታ በይልኝ፣ ላይስን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፣ ጎረቤትሽን ወይዘሮ ፉሳንም አትርሻቸው። ዮሺሮ ጤናሽን ጠብቂ ይልሻል፤ ሺዎሪን በጣም ናፍቀሻታል። ቴፔይም ሰላምታውን እንዳደርስለት ጠየቀኝ። ከማን ልበላቸው ስለው ትንሽ አሰበና «ከቤት ነው በያቸው» አለኝ።

እህትሽ ኪኑኤ
ሂታ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.