የረቡዕ ጠዋት ባዶ ወንበር

ኅዳር 3፣ ሰኞ ጠዋት
ከጤና ጣቢያው፣ ተራ ከመጀመሩ በፊት

ለማትጽፊልኝ ባለቤቴ፤

ሐኪምን ጤናሽ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይመስላል፤ ቢሆንም እንዴት ሰነበትሽ? እኔ አለሁ። እናትሽም አሉ፤ ግፊታቸው ወርዶላቸዋል፣ ምላሳቸው ግን እንዳለ ነው። ይህን የምጽፈው «ነይ» ለማለት አይደለም፤ አትስጊ። ስለዚያ ሁለታችንም የምንለውን ብለን ጨርሰናል። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሥራ ነው። አንድ ነገር እፈልግብሻለሁ፤ እምቢ ብትይ ደግሜ ስለምጽፍ ከአሁኑ ብትሰሚኝ ይሻልሻል። ስልኬን ስለማታነሺ ደብዳቤውን የላቦራቶሪ ናሙና በሚያደርሰው መኪና ልኬዋለሁ። ሐኪም በስክሪን የሚያቀርብ ሰው በወረቀት ይጽፋል ብለሽ ብትስቂ አልቀየምም።

አዎ፣ የርቀት ሕክምናው እኛም ዘንድ ደርሷል። ያ ጣሪያው የሚያፈሰው የድሮ መርፌ ክፍል ትዝ ይልሻል? አስጠግነን፣ ነጭ ቀለም ቀብተን፣ ስክሪኑንና ካሜራውን እዚያ ተከልናቸው። የእናንተው የዋናው ሆስፒታል ሐኪሞች በየተራቸው ይቀርባሉ፤ የእኛ ሰው እዚሁ ተቀምጦ ይታያል። የፋርማሲ ሠራተኛችን፣ ያ «አይሆንም» ብለን የምንጠራው፣ ገና ካርቶኑ ሳይከፈት «ይሄ ነገር አይሆንም» አለ። መብራት ይጠፋል አለ፤ ጠፋ። ኔትወርክ ይቆራረጣል አለ፤ ተቆራረጠ። ለመብራቱ ሶላር አስገባን። ለኔትወርኩ አንቴናውን ከጣሪያ አውርጄ የውሃ ታንከሩ ማማ ላይ ሰቀልኩት። መሰላሉን ማን የያዘልኝ ይመስልሻል? አይሆንም ራሱ! እስክወርድ ድረስ «አይሆንም» እያለ ጠበቅ አድርጎ ይዞልኛል።

ያልገመትነው ችግር የመጣው ከሰዎቻችን ጨዋነት ነው። የመጀመሪያዋ ታካሚ እናትሽ ነበሩ። ወጣቱ ሐኪም ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል፣ እሳቸው ከወንበራቸው ብድግ።

«እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ። የሚታየኝ የሹራብዎ ቁልፍ ብቻ ነው።»

«ሐኪም ቆሞ እኔ ልቀመጥ? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ኧረ እኔም ተቀምጫለሁ!»

«በምን ልወቅ የኔ ልጅ? አንተም የምትታየኝ ካንገትህ በላይ ነህ።»

እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ጥሩ ነበር፤ ሐኪም በታየ ቁጥር የማይነሣ የለም። በዚያ ላይ ፎቶ የሚነሣ ይመስል ታጥቦ፣ ተቀባብቶ፣ ተሽቀርቅሮ ነው የሚመጣው። አንድ የጋራዥ ሠራተኛ ክንዱ ላይ ለወጣበት ሽፍታ ቀጠሮ ይዞ፣ ሐኪሟ እንዳትጸየፈው ብሎ የሚስቱን ፓውደር ነስንሶበት መጣ። የቆዳ ሐኪሟ «ምንም አይታየኝም» ስትል በሳሙና አጥቤ መልሼ አቀረብኩት። አሁን ካሜራውን ከፍ አድርጌ ሰቅያለሁ፤ በሩ አጠገብም ውሃና ሳሙና አለ። እንደዚህ እንደዚህ እያልን ለምደነዋል። እናንተ ድረስ ያን ሁሉ መንገድ ይጓዝ የነበረ ሰው አሁን ታክሞ ለምሳ ቤቱ ይደርሳል።

በሐኪሞች ስብሰባ ላይ የተናገርሽውንም ሰምቻለሁ። «ያልዳሰስኩትን ታካሚ አላክምም» ስትይ አጨበጨቡልሽ አሉ። አንቺ እምቢ ስትይ ሌሎቹ የልጆች ልብ ሐኪሞችም ተከተሉሽ። የረቡዕ ጠዋት ተራ የእናንተ ነበር። መስመሩ ይከፈታል፣ ወንበሩ ይታየናል፣ ሰው የለበትም። ተናድጃለሁ። ልደብቅሽ አልችልም፣ በጣም ተናድጃለሁ።

የተናደድኩት እዚህ አንዲት ልጅ ስላለች ነው። የጽዳት ሠራተኛችን ልጅ ናት፣ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ስትሮጥ ከንፈሯ ይጠቁርና ቁጢጥ ብላ ታርፋለች። ቁጢጥ ትላለች ስልሽ ስለ ልቧ ምን እንደምታስቢ አውቃለሁ። እናቷ «የኔ ልጅ ሲደክማት ዶሮ ነው የምትሆነው» እያለች ትስቅ ነበር፤ አሁን አትስቅም። በስክሪን የቀረበው ጠቅላላ ሐኪም የልብ ድምፅ በሚልከው ማዳመጫ ሰማትና፣ የልጆች ልብ ሐኪም ዛሬ ነገ ሳይባል ይያት አለ። ወደ እናንተ ላክኋቸው። ለመጪው ዓመት ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ተመለሱ። በመመለሻቸው አውቶቡስ ውስጥ ልጅቷ ራሷን ስታ፣ ተሳፋሪው ሞተች ብሎ ጮኸ። እናቷ ከዚያ ወዲህ እንደገና መንገድ አልወጣም ብላለች፤ አልፈርድባትም። ቀጠሮ ሰጪው የሚያየው ወረፋውን እንጂ ልጅቷን አይደለም። አንቺ ግን አንዴ አይተሽ «ይህቺ ትቅደም» ካልሽ ትቀድማለች። በአምቡላንስ፣ በኦክስጅን፣ አጠገቧ ተቀምጬ እኔ ራሴ አመጣታለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

እሷን ብቻ በዘመድ አስገቢልኝ ብዬ ልለምንሽ እችል ነበር፤ አንቺም እምቢ አትይኝም ነበር። አላደርገውም። ከኋላዋ ሌሎች ልጆች አሉ፤ እነሱ በሆስፒታሉ ውስጥ ዘመድ የላቸውም። እኔ የምፈልገው በየረቡዑ እዚያ ወንበር ላይ እንድትቀመጪ ነው።

ስለ መዳሰስ ያልሽው እውነት ነው። እጅሽን ደረቱ ላይ ስታሳርፊ ስንት ሕፃን ልቅሶውን ሲያቆም አይቻለሁ። እሱን ኔትወርክ አያመጣውም። ግን እዚህም እጅ አለ። እኔ ጤና መኮንን ነኝ፤ የልብ ሐኪም ነኝ አልልም። ጉበቷን ንካ በይኝ፣ የእግሯን የደም ምት ከእጇ ጋር አስተያይ በይኝ፣ የጣቶቿን ጫፍ ወደ ካሜራው አቅርብ በይኝ። ያገኘሁትን እነግርሻለሁ። ቦታውን ስተሃል ካልሽኝ ደግሜ እዳስሳለሁ። መቼም እኔን ማረም ሰልችቶሽ አያውቅም።

ስለዚህ ሳላማክርሽ ለፕሮግራሙ አስተባባሪ ደወልኩ። «የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ባለቤቴ ትቀመጣለች» አልኩት።

«ተስማምታለች?»

«ትስማማለች።»

ሰውየው ስምሽን መዘገበ። ለልጅቷ እናትም ነግሬያታለሁ። ቀርተሽ ብቻ እንዳታሳፍሪኝ።

አንድ ነገር ይቀራል። ልጅቷን ለማየት ፈቅደሽ እኔን ማየት የሚከብድሽ ከሆነ፣ ለአስተባባሪው አንድ ቃል ጣል አድርጊለት፤ አልጠይቅሽም፣ አልከራከርሽም። ነርሷን አሠልጥኛታለሁ፤ እጇ ከእኔ አይተናነስም። ልጅቷን እናቷ ትታቀፋለች፣ ማዳመጫውን ነርሷ ትይዛለች። እኔ በሩን ዘግቼ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ።

እጆችሽ ይባረኩ፤ ለሚጠብቋቸውም ይድረሱላቸው።

በሩ ስስ ስለሆነ ድምፅሽ ወደ ውጭ መሰማቱ አይቀርም። እሱን ብቻ አትከልክይኝ።

ባለቤትሽ